ያልተጻፈ ይረሳል፤ የተቀረጸስ?

«ያልተጻፈ ይረሳል፣ የተጻፈ ይወረሳል» የሚለው የአበው ብሂል ሲነገር የኖረው ለብራናና ለቀለም ነው። የኛ ትውልድ ግን ከብራናና ከወረቀት ሌላ አንድ መዝገብ ጨምሯል፤ ይኸውም ጥቁር ፕላስቲክ ለብሶ፣ በየቤቱ ቡፌ ውስጥ ተደርድሮ፣ አቧራ እየጠጣ የተቀመጠው የቪዲዮ ካሴት ነው። ለመሆኑ የተጻፈው የሚወረስ ከሆነ የተቀረጸውስ ምን ይሆናል? ይወረሳል ወይስ ይረሳል? በዚህች ጽሑፍ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ ይኸው ነው።

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ዕድሜ ጠገብ ወደ ሆነ ቤት ገብቶ ሳሎኑን የቃኘ እንግዳ ከቡፌው ላይ ወይም ከቡፌው ሥር አንድ የቪዲዮ ዴክ ማየቱ አይቀርም። ዴኩ ዳንቴል ለብሷል። በላዩ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል። ከኋላው የሚወጣው ገመድ ከምንም ጋር አልተገናኘም። የቤቱ ወጣቶች «ይህን ቆርቆሮ ለቆራሌው ለምን አትሰጡትም?» ይላሉ፤ እናቶች ግን ዝም ብለው ዳንቴሉን አጥበው መልሰው ያለብሱታል። በበኩሌ ከእናቶቹ ወገን ነኝ። ወገንተኝነቴ ግን ያለፈውን ዘመን ከመናፈቅ ብቻ የመጣ እንዳልሆነ አንባቢ እንዲረዳልኝ ምክንያቴን በየተራ ላስረዳ።

ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ቀለም የለበሰው በ1977 ዓ.ም. ነው። ሰው በቤቱ ተቀምጦ ሥዕልና ድምፅ የሚቀዳበትንና መልሶ የሚያይበትን መሣሪያ በሰፊው ለገበያ ያቀረቡት ደግሞ ጃፓኖች ናቸው፤ ሶኒ ቤታማክስን እ.ኤ.አ. በ1975፣ ጄቪሲ ደግሞ ቪኤችኤስን በ1976 አወጡ። በሁለቱ መካከል በተደረገው የገበያ ትግል ያሸነፈው ቪኤችኤስ ነው፤ ወደኛም ዘንድ በብዛት የደረሰው እርሱ ነው።

የደረሰበትም መንገድ የታወቀ ነው። ኮምቦልቻ ከአሰብ ወደብ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ አድርጎ ወደ መሐል አገር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ያረፈባት ከተማ ናት። በግንቦት 1990 ዓ.ም. የድንበሩ ጦርነት ፈንድቶ ያ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ የከባድ መኪና ሾፌሮች ከጭነታቸው ጎን ሬዲዮውን፣ ቴፑን፣ ኋላም ዴኩን ሸጉጠው ይመጡ ነበር። ወደ ጅዳና ወደ ቤይሩት ለሥራ የተሻገሩ የወሎ ልጆችም በዓመታት ላብ ያጠራቀሙትን ለቤተሰብ ሲያመጡ ከሻንጣው ውስጥ ዴክ አይጠፋም ነበር። ኮምቦልቻ የወረደው ዕቃ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ ደሴ ይገባል፤ ለመግዛት አቅም ያልነበረን ደግሞ ሳንቲማችንን ይዘን ቪዲዮ ቤት እንሰለፋለን። ቋንቋውን አንዲት ቃል ሳናውቅ በሕንድ ፊልም ስንቱን እንባ እንዳፈሰስን የኔ ዕድሜ እኩዮች ያስታውሱታል።

ነገር ግን ቁም ነገሩ ከውጭ መጥቶ ያየነው ፊልም አይደለም። ያ ፊልም በተሠራበት አገር ተጠብቆ ይገኛል። ቁም ነገሩ እኛው ራሳችንን የቀረጽንበት ካሴት ነው፤ የእርሱ ሌላ ቅጂ በዓለም ላይ የትም የለምና።

ከእነዚህ መካከል ብዙውን ቦታ የያዘው የሠርግ ካሴት ነው። በቴአትር ሙያ እንደ ቆየ ሰው ስመለከተው የሠርግ ቪዲዮ የራሱ ደንብ ያለው ድርሰት ሆኖ አገኘዋለሁ። በአበባ ሥዕልና በሙሽሮቹ ስም ይከፈታል። ቀጥሎ ሙሽራው ከረባት ሲያስር፣ ሚዜዎች ሲሰባሰቡ፣ መኪናው በአበባ ሲያጌጥ ያሳያል። ከዚያ ካሜራው ወደ ዳሱ ይገባና ከተደርዳሪው ሁሉ ፊት አንድ በአንድ እየቆመ ያልፋል። በዚያ ጊዜ ሰው ሁሉ ካሜራውን የሚያውቀው በፎቶግራፍ ስለ ነበር፣ መብራቱ ሲበራበት ጉርሻውን አቁሞ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ እንደ ሐውልት ቀጥ ይላል። ባልቴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። ሕፃናት ብቻ ይስቃሉ። ወሎ ነውና የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ወጥ በየራሱ ጓዳ ይሠራል፤ ካሜራውም ከአንዱ ገበታ ወደ ሌላው ይሻገራል እንጂ አንዱን ትቶ አያልፍም። አንድ ቀራጭ ሰውነቱ በላብ ተዘፍቆ፣ መብራት የያዘ ረዳቱን አስከትሎ፣ ሳያውቀው የአንድን ሰፈር ሙሉ መዝገብ ያዘጋጃል።

ዛሬ ካሴቱ ሲከፈት ዓይን የሚያርፈው በሙሽሮቹ ላይ አይደለም። ከጀርባቸው ባለው ነገር ላይ ነው። የፈረሰው የጭቃ ቤት ግድግዳ፣ የተለወጠው የፒያሳ መንገድ፣ የፋብሪካ ፈረቃውን ጨርሶ ከነሥራ ልብሱ ወደ ሠርጉ የመጣው የኮምቦልቻ ሠራተኛ፣ አሁን ማንም የማይለብሰው ጥልፍ፣ አሁን በሕይወት የሌለ ሰው፤ ሁሉም እዚያ አለ።

በበኩሌ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ድምፁ ነው። ወሎ የምርቃት አገር ነው። ምርቃት በወሎ ሽማግሌ አፍ ሲነገር ምጣኔና ቤት ያለው፣ በአድማጭ «አሜን» የሚታጀብ፣ በቦታው የሚፈጠር ግጥም ነው። ዛሬ የተመረቀው ለነገ አይደገምም፤ ለሌላ ሙሽራ ሌላ ይፈጠራል። አጥኚዎች ለሼህ ሑሴን ጅብሪል ስንኞች ትኩረት ሰጥተዋል። ለሠርጉ ምርቃት ግን በየዳሱ ብዕር ይዞ የቆመለት ጸሐፊ አልነበረም። የቆመለት ቪዲዮ ቀራጩ ብቻ ነው።

ለዚህም ከቤታችን አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ታላቅ ወንድሜ በ1988 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ ሙሽራ ሲያመጣ አባታችን መረቁ፤ ከእርሳቸው ቀጥለው የጎረቤታችን ሙስሊም አዛውንት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ተሠርቶ በተሰጠን ካሴት ላይ ግን የሁለቱም ድምፅ አይሰማም። ያዘጋጀው ሰው፣ እንደ ጊዜው ልማድ፣ ቦታው «እንዳይቀዘቅዝ» ብሎ የታወቀ ዘፈን ጭኖበታል። ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ዳሱ ሙሉ ሰው በአንድነት አፉን ለአሜን ይከፍታል። የሚሰማው ዘፈኑ ነው።

ምርቃቱን ያተረፈልን የእናታችን ቁጥብነት ነው። እናቴ ባዶዎቹን ካሴቶች በገንዘባቸው ገዝተው ለቀራጩ አስረክበው ስለ ነበር፣ ሥራው ሲያልቅ «ጥሬውንም ስጠኝ፤ ክሩን ከፍዬበታለሁ» ብለው ተቀበሉት። ቀራጮች ጥሬውን ካሴት ለሚቀጥለው ሠርግ ደግመው ይቀርጹበት ነበርና፣ የብዙ ቤት ምርቃት በሌላ ሰው ሠርግ ሥር ተቀብሮ ቀርቷል። የኛ ግን ጥሬው ካሴት በቡፌው ውስጥ ኖረ። አባታችን ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ከፍተን ብንሰማው ድምፃቸው ከነሳላቸው ተገኘ። አዛውንቱም የቦርከና ወንዝ ከጦሳ አካባቢ ተነሥቶ፣ ደሴን አጠጥቶ፣ ኮምቦልቻ እንደሚወርድ አንሥተው፣ የሁለቱ ቤት ፍቅር እንደዚያው ከላይ ተነሥቶ ታች ድረስ እንዲያጠጣ መረቁ። ሙሽራው የደሴ፣ ሙሽራዪቱ የኮምቦልቻ መሆናቸውን በአንድ ወንዝ አሰሩት። በግጥም ሥራ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ በዚያች ደቂቃ የተፈጠረውን ያን ምሳሌ ግን በወራት ድካም አገኘዋለሁ ብዬ አልመካም።

እዚህ ላይ ከአንድ ቤት ወጣ ብለን ስለ ወሎ በጠቅላላው እናስብ። ዓለም ወሎን በተንቀሳቃሽ ሥዕል ያወቀው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሀብ ያዘጋጀው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር እየተፈራረቀ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በአገራችን ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ሁለተኛው በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን፣ በጊዜው የወሎ ክፍለ ሀገር ከተማ ከነበረችው ከቆረም ያነሣው፣ በማይክል ባርክ ዘገባ በቢቢሲ የታየው ነው። እነዚህ ሥዕሎች የብዙ ሰው ሕይወት አትርፈዋል፤ ውለታቸው አይካድም። ያነሡትም ሰዎች ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል።

ይሁንና አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። በእነዚያ ሥዕሎች የምንታየው ስንራብና ስንሞት ነው፤ የተቀመጡትም በባሕር ማዶ፣ ሙቀቱና እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ውስጥ ነው። ስንጋባ፣ ስንመራረቅ፣ እስክስታ ስንወርድ፣ መንዙማ ስንል፣ በትምህርት ቤት መድረክ ቴአትር ስንጫወት ያነሣነው ሥዕል ግን በቡፌ ውስጥ ነው። በቆረም ሥዕል የታየው ሕፃን አድጎ፣ አግብቶ፣ በሠርጉ ቀን ስቆ ከሆነ፣ ያን ሣቁን የያዘው የዓለም ቤተ መዛግብት አይደለም፤ የእናቱ ካሴት ነው። የካሴቱ መጥፋት ለቤተሰቡ የአንድ ቀን ትዝታ መጥፋት ሊሆን ይችላል። የሁሉም ካሴቶች መጥፋት ግን ለወሎ የግማሽ ታሪኩ መጥፋት ነው፤ የሚቀረውም ግማሽ የረሀቡ ብቻ ይሆናል።

ካሴቱ ደግሞ ራሱን ችሎ የሚኖር ነገር አይደለም። በውስጡ ያለው ክር ስፋቱ 12.7 ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን ፕላስቲክ ነው። በላዩ በሙጫ የተያያዘ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ተቀብቶበታል፤ ሥዕሉም ድምፁም በዚያ ዱቄት ውስጥ በማግኔት ኃይል የተጻፈ ነው። የሦስት ሰዓቱ ካሴት ክር ተዘርግቶ ቢለካ ከ250 ሜትር ይበልጣል። ይህን ጽሑፍ ዓይን ሊያነበው አይችልም። የሚያነበው በዴኩ ውስጥ በሰያፍ የቆመው፣ እኛ በምንጠቀምበት ፓል በተባለው ሥርዓት በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚሽከረከረው ከበሮ መሰል ብረት፣ ጥገና ቤቶች «ሄድ» የሚሉት ነው። ሄዱ ካደፈ ሥዕሉ በረዶ ይመስላል። ከተበላ ደግሞ ጨርሶ አይታይም።

አየሩም በየከተማው በየራሱ መንገድ ካሴቱን ይጎዳዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ጉም የማይለያት ከተማ ናት፤ በክረምት በቁምሳጥን ውስጥ የተዘጋ ካሴት ሻጋታ ያወጣል። ኮምቦልቻ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በቆላማው አፋፍ ስለ ተቀመጠች ሙቀቷና አቧራዋ ሙጫውን ያዳክመዋል። ሌላም ችግር አለ። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ዘመዶቻችን ክርስትናቸውንና ሠርጋቸውን ቀርጸው የላኩልን ካሴት የአሜሪካውን ኤንቲኤስሲ የተባለውን ሥርዓት የተከተለ ነው። የእነርሱ ሥዕል በ525 መስመር፣ የኛ በ625 መስመር ስለሚጻፍ የኛ ተራ ዴክ አያነበውም። ስንት አያቶች የልጅ ልጃቸውን ፊት በተንሸዋረረ ጥቁርና ነጭ መስመር መካከል ሲፈልጉ ኖረዋል!

ከደሴ በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስጻፉት ወንጌል አለ። ከሰባት መቶ ዓመት በኋላም ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ብራናውን ገልጦ ያነበዋል። ከዓይንና ከብርሃን ሌላ መሣሪያ አያሻውም። የወንድሜ የሠርግ ካሴት ግን ገና ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ያለ ዴክ ግን ድዳ ነው። ብራና አንድ ነገር ብቻ መጠበቅ ይጠይቃል፤ ካሴት ግን ሁለት ይጠይቃል፣ ክሩንና ማንበቢያውን። ሶኒ የቤታማክስ ካሴት መሥራቱን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 አቆመ። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ዴክ አምራች የጃፓኑ ፉናይም በዚያው ዓመት በሐምሌ ሥራውን ዘጋ። ስለዚህ ዛሬ በየቤቱ ያለው ዴክ ተተኪ የሌለው ዴክ ነው። ለቆራሌው የተሰጠ ዴክ የጣልነው ቆርቆሮ አይደለም፤ የተቆለፈ ሣጥን ቁልፍ ነው።

የዴኩ ዋጋ ቢስ መሆን አንዳንዴ የሚጠብቀው መሆኑንም አይቻለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በጥቅምት ወደ ሁለቱ ከተሞቻችን ገብቶ እስከ ኅዳር ማብቂያ ሲቆይ፣ እንደ ብዙው ሰው የእናቴም ቤት ተዘርፏል። ስንመለስ ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን የለም፤ ማቀዝቀዣው የለም፤ ፍራሹ ሳይቀር የለም። ዴኩ ግን ከደጅ ተጥሎ ተገኘ፤ ማንም አልፈለገውም። ካሴቶቹ በግቢው ተበትነው የአንዳንዱ ክር ተመዝዞ ነበር። እናቴ ስለ ሌላው ዕቃ አንድም ቃል ሳይናገሩ ጎንበስ ብለው ክሩን በጣታቸው እያጠነጠኑ መመለስ ጀመሩ። ከጠፋው ንብረት ሁሉ ሊተካ የማይችለው የቱ እንደ ሆነ ያወቁት እርሳቸው ነበሩ።

ዴኩን ያስጠገንነው ኮምቦልቻ ነው። የጥገና ቤቱ ባለቤት ጎልማሳ ሽፋኑን ከፈተና «አብሽር ጋሼ፣ ይሠራል» አለ። መለዋወጫ ከየት እንደሚያመጣ ብጠይቀው በመደርደሪያው ላይ የተቆለሉትን የሞቱ ዴኮች አሳየኝ። ከቆራሌዎች በኪሎ እየገዛ ከአንዱ ላስቲክ፣ ከሌላው ሄድ፣ ከሦስተኛው ሞተር እየፈታ አንዱን ያስነሣል። «እነዚህ ሲያልቁ እኔም አበቃሁ» አለኝ። የአንድ ሥልጣኔ ዕድሜ በዚያ መደርደሪያ ላይ ተቆጥሮ ተቀምጦ አየሁት።

«ሁሉንም ገልብጦ በፍላሽ ማስቀመጥ ነው እንጂ አሮጌ ዕቃ ማቀፍ ምን ይጠቅማል?» የሚል ወገን እንዳለ አውቃለሁ፤ ሐሳቡም ትክክል ነው። መገልበጡ ግዴታ ነው። የአውስትራሊያ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጥናት እስከ 2025 ድረስ ያልተገለበጠ ክር ጨርሶ ላይገለበጥ ይችላል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፤ የተባለው ዓመትም አልፏል። ነገር ግን የተገለበጠው ሁሉ ዳነ ማለት አይደለም። ፍላሽ ይጠፋል፣ ስልክ ይሰረቃል፣ ርካሽ አገልባጭም የአባትን ሳል «ጩኸት ነው» ብሎ ይቆርጣል። ዋናው ክር ካለ ግን ተመልሶ የሚጠየቅ ምስክር አለ። ካሴት ሁሉ ቅርስ ነው ማለቴም አይደለም፤ ከቴሌቪዥን የተቀዳው የካራቴ ፊልም ቢጣል አገር አይጎዳም። የቤት ሰው ድምፅና መልክ ያለበት ግን አይጣል።

በየቤቱ ሊደረግ የሚገባው ቀላል ነው። ካሴቱ እስከ መጨረሻው ተጠንጥኖ፣ እንደ መጽሐፍ ቆሞ፣ ከመሬትና ከግድግዳ ርቆ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። የሻገተ ካሴት ባለሙያ ሳያየው ዴክ ውስጥ አይግባ፤ ሄዱን አበላሽቶ ለሌላውም ይተርፋልና። የተገለበጠው ቢያንስ በሁለት የተለያየ ቦታ ይኑር።

በከተማ ደረጃም የሚቻል ነገር አለ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴ የቋንቋና የባህል፣ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ትምህርት ይሰጣል። የኮምቦልቻዎቹ ተማሪዎች ከዚያ ጥገና ቤት መደርደሪያ ሥር ተቀምጠው ሙያውን ቢወርሱ፣ የደሴዎቹ ምርቃቱን፣ የሠርግ ዘፈኑንና መንዙማውን ከክሩ እየሰሙ ቢጽፉ፣ የሁለቱ ከተሞች የባህል ጽሕፈት ቤቶችም ማንም ሰው ካሴቱን ይዞ መጥቶ ቅጂ ወስዶ የሚሄድበት አንዲት ክፍልና ሁለት ደኅና ዴኮች ቢያዘጋጁ፣ ወጪው ከአንድ በዓል ዝግጅት አይበልጥም። ጥቅምት 17 በዓለም ዙሪያ የድምፅና የምስል ቅርስ ቀን ተብሎ ይከበራል፤ ሥራውን ለመጀመር ከዚያ የተሻለ ዕለት አይገኝም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ፤ ለእርሱ ዴክም፣ መብራትም፣ በጀትም አያስፈልገውም። በብዙዎቹ ካሴቶች ጀርባ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ ካለም «ሠርግ» ይላል። የማን ሠርግ? በስንት ዓመተ ምሕረት? በየትኛው ሰፈር? የመረቁት ማን ናቸው? ይህን የሚያውቁት እናቶችና አባቶች አሁን በሕይወት አሉ፤ በየዓመቱም ቁጥራቸው ይቀንሳል። ክሩ ቢተርፍና ስሙ ቢጠፋ በሥዕሉ ውስጥ የሚቀሩት ሰዎች ሳይሆኑ መልኮች ብቻ ይሆናሉ። እርሳስ ይዞ ከጎናቸው መቀመጥና እያንዳንዱን ካሴት እያነሡ መጠየቅ፣ መልሱንም በጀርባው መጻፍ ይገባል። የአበው ብሂል ለካሴትም የሚሠራው ያን ጊዜ ነው።